ግብሩን የበላን ቀን

እናቴ ግብር አልከፈለችም፤ በላችው! ወላሂ በላችው! በባላምባራሱ ድንኳን ውስጥ፣ ወታደሩ ሁሉ ጉርሻውን አፉ ላይ ይዞ እያያት፣ ዘው ብላ ገብታ፣ ሹሙ ፊት እግሯን አጣጥፋ ቁጭ አለችና «ግብር መጣ። ምግብ የታለ?» አለች። በአማርኛ! እናቴ እኮ ከዚያ ቀን በፊት በአማርኛ «ጨው» እና «አይ፣ ውድ ነው» ከማለት ሌላ አትችልም ነበር። ከኋላዋ ደግሞ የሰፈራችን ሴት በሙሉ፣ ወርቅ የሚያጥቡበትን ገበቴ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ... ኧረ ቆይ። ቆይ ቆይ፣ ቀደምኩ። ሁሌ እንደዚህ ነኝ። እህቴ ኢንዓም «አንቺ ብኸይታ፣ ወሬን ከጅራቱ ነው የምትይዢው» ትለኛለች። እሺ፣ ከጭንቅላቱ ልያዘው።

ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልበቀሉም ነበር። አሁን ሊድሩኝ ሽማግሌ እየተመላለሰ ነው፤ በዚህ ገምቱት። ሰፈራችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ሲሄዱ፣ ቀርከሃው ጥቅጥቅ የሚልበት ጋ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። አባቴን ደርቡሾች ይዘውት ሄደው አልተመለሰም፤ መልኩን አላውቀውም። ከዚያ ደርቡሾቹ ሄዱ፣ ሐበሾቹ መጡ፣ ከኛ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ።

ትልልቆቹ ሾላው ስር ሲያወሩ እሰማለሁ። «ቱርክ መጣ፣ አምጡ አለ። ደርቡሽ መጣ፣ በዓረብኛው ሃቱ አለ። ይሄኛውስ ምን ይላል?» ይላል አንዱ።

አጎቴ ኻሚስ፣ የናቴ ወንድም፣ ይመልሳል፦ «ይሄኛውም ያንኑ ነው የሚለው። ቃሉን ነው ገና ያልለመድነው።»

ይስቃሉ። እኔም ምኑ እንደሚያስቅ ሳላውቅ እስቃለሁ።

ቃሉ ግብር ነበር። እኔ ደግሞ ቃሉን አውቀዋለሁ! ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኔ ብቻ! ምክንያቱም እኔ የአጸደ ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል። አጸደ የጨው ነጋዴ ሚስት ናት፤ ከባሏ ጋር ከጎጃም ደጋ ወርዳ ገበያው ዳር ጎጆ ቀልሳ የምትኖር። ልጅ የላትም። እናቴ በወርቅ ጨው ልትለውጥ ስትሄድ እኔን እዚያ ትጥለኛለች፣ እኔ አሞሌውን በምላሴ እየላስኩ፣ በቅሎዎቹ ከበር ላይ እያንኮራፉ፣ አጸደ ታወራኛለች። ታወራኛለች ስላችሁ፣ ሴትየዋ አፏን አትዘጋም! ወር አልሞላኝም በአማርኛ መልስ መስጠት ስጀምር።

አንድ ቀን «አጸደ፣ ግብር ምንድን ነው?» አልኳት።

«እረግ! ግብር አታውቂም? የኔ ሆድ፣ ግብርማ ታይቶ አይጠገብም!» አለችና እጇን ዘረጋች። «ድንኳኑ ከዚህ እስከዚያ ወንዝ። በሬው ሲወድቅ መሬቱ ድም! ጠጁ በዋንጫ፣ ማሩ ከነሰፈፉ። አዝማሪው ይዘፍናል። የኛ ጌታ ግብር ሲያበሉ እኔ ያንቺን አክል ነበርኩ። ከሩቅ የመጣ፣ ከቅርብ የመጣ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ልብሱ የተቀደደ፣ ሁሉ ይገባል። ሰው ከግብር ጦሙን ከተመለሰ የጌታው ስም አለቀለት።»

«ያልተጠራም ይገባል?»

«የግብር በር ላይ ማን ጠራህ አይባልም። በእጃቸው ያጎረሱት ሰውማ በቃ፣ የቤት ሰው ነው። እኔን አንድ ቀን በእጃቸው አጉርሰውኛል፣ ይኸውልሽ እስከዛሬ ይጣፍጠኛል» ብላ ከንፈሯን ላሰች።

እኔም ላስኩ። ጨው ጨው አለኝ።

እንግዲህ ግብር ማለት ይሄ ነው። አበቃ። ሌላም ግብር እንዳለ ማን ይንገረኝ? አጸደ ሌላኛውን ሳትነግረኝ የቀረችው ረስታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለጥርስ አልባ ልጅ የትኛውን መንገር እንደሚሻል መርጣ ነው።

ያ በጋ ክፉ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ቆሞ ወንዙ ከስቶ፣ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው አሸዋ ሲያጥቡ ውለው፣ ወርቅ የምንይዝበት የአሞራ ላባ ቀፎ ውስጥ የምትገባ ብናኝ እንኳ አጥተው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ጧት ማህጁብ መጣ። ማህጁብ የአገራችን ገዥ የሼኹ ሰው ነው፤ ሼኹ ለሐበሾቹ የሚያስረክቡትን ከየሰፈሩ የሚሰበስበው እሱ ነው። ነጭ ጀላቢያ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። ሾላው ስር ሰው ተሰበሰበ።

«ያ ጀማዓ፣ ሼኹ ሰላም ብለዋችኋል» አለ።

«ሰላሙን ተቀብለናል» አለ አጎቴ። «የተረፈውን ንገረን።»

«ወርቃችሁ ጎደለ።»

«ውሃው ነው የጎደለው። ውሃውን ጠይቀው።»

ማህጁብ አልሳቀም። «ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ውሃ አያውቅም። ወርቅ ከጎደለ በሰው ይሞላል ብሏል። ከዚህ ሰፈር አንድ።» አይኑን ከሰው ሰው እያዞረ እያዞረ፣ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ የምትወጣው ኢንዓም ላይ አቆመው። «ይቺ። የሐበሾቹ በዓል ቀን ለግብር ትቀርባለች።»

ወሬው ሁሉ በኛ ቋንቋ ነው፤ ግብር የምትለዋን ብቻ በአማርኛ አላት፣ ጥርስ ውስጥ የገባ ገለባ እንደመትፋት።

እኔ ሰማሁ! ግብር! ኢንዓም ለግብር ልትሄድ ነው! ማሩ፣ ድንኳኑ፣ አዝማሪው፣ ሁሉ ለሷ! ሁሌ እሷ! አዲስ ጨሌ ሲገኝ ለሷ፣ ሰርግ ሲኖር ከናቴ ጋር እሷ! ብድግ ብዬ «እኔስ?» ብዬ ጮህኩ። «እኔም ለግብር ልሂድ! እኔን ውሰደኝ!»

አንዲት አሮጊት ፊቷን በልብሷ ሸፈነች። የምትስቅብኝ መሰለኝና የባሰ በገንኩ።

ማህጁብ አገጬን ይዞ አፌን አየ። «ይቺ ገና ጥርስ የላትም» አለ። «ታብቅል፣ እንወስዳታለን።»

በደስታ ልፈነዳ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ድዴን በምላሴ መዳበስ ሆነ፤ ወጣ? አልወጣ? ማህጁብ ቃሉን አይረሳም ብዬ። እናቴ ስዳብስ ባየችኝ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ጥርስ የሌላት ልጇን ማየት አስጠላት ብዬ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ኢንዓምን ቤት ውስጥ አስቀምጣ ፀጉሯን በሰሊጥ ቅባት አሸችው፣ ጎነጎነችው። ከዚያ ቀጭን ስንጥር እሳት ውስጥ ከታ አጋለችና ከጆሮዋ ኋላ ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገቻት። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተ። ኢንዓም አልጮኸችም፤ ጉልበቴን ብቻ ጨመቀችው፣ እስኪያመኝ። ጌጥ ነው፣ ለግብር እያስጌጧት ነው ብዬ እኔ ደግሞ የቅናት እንባ አለቀስኩ።

ጌጥ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ኢንዓም የነገረችኝ። በአንዱ ሩቅ ገበያ ከሰፈራችን የሆነ ሰው ቢያገኛት፣ ስሟን ቀይረውባት ቋንቋዋን ብትረሳ እንኳ፣ ከጆሮዋ ኋላ አይቶ የዐፊፋ ልጅ ናት እንዲል ነው። ዐፊፋ እናቴ ናት።

እኔ ግን ያኔ እያለቀስኩ «ማሩን ብቻ እንዳትጨርሺው» አልኳት። «በቅጠል ጠቅልለሽ አምጪልኝ።»

እናቴ ስንጥሩን እንደያዘች ቀረች። «የምን ማር?»

«የግብሩ ነዋ!»

«ብኸይታ፣ ነይ ወዲህ። ግብር ላይ ማር አለ ያለሽ ማነው?»

ነገርኳት። በሬው፣ ድንኳኑ፣ ዋንጫው፣ ሁሉንም። አጸደ እጇን እንደዘረጋችው እየዘረጋሁ። እናቴ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ግን እንደ ዳኛ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ማን ነው የሚገባው?»

«ሁሉም።»

«ያልተጠራስ?»

«ማን ጠራህ አይባልም።»

«ሴትስ?»

«አጸደ ገብታለች እኮ።»

«ሳይበላ የሚመለስ ሰውስ?»

«የጌታው ስም አለቀለት!»

«እነሱ ይሄንንም ግብር ነው የሚሉት? በዚያው ቃል?»

«በዚያው።»

እናቴ ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች! መሬቱን በመዳፏ እየመታች፣ አይኗ እንባ እስኪያወጣ፣ እስኪያስላት። ኢንዓም እንኳ ደንግጣ ቀና አለች። እኔ እናቴ ስለ ድግሱ የሰማችው ገና አሁን ሆኖ ነው፣ ደስ ብሏት ነው ብዬ አብሬ ሳቅኩ። ለካስ ግብር የሚለውን ቃል ከኔ በፊት ነው የምታውቀው፤ እኔን ጀርባዋ ላይ አዝላ ስትገብር ኖራለች። የማታውቀው ቃሉ ሁለተኛ በር እንዳለው ነው።

ወዲያው እጄን ይዛኝ አጸደ ጋ ሄድን። እኔ ልተርጉም።

«እናቴ ለግብር ልንመጣ ነው ትላለች» አልኩ።

አጸደ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እረግ በሞትኩት! የትኛውን ግብር?»

«ማሩ ያለበትን! ግብር አንድ አይደል እንዴ?»

አጸደ እኔን አየች፣ እናቴን አየች፣ ወደ በሩ ሄዳ ባሏ አለመኖሩን አየች። እናቴ ጣቷን ወደ ሰፈራችን ዘርግታ «ኢንዓም» አለች። ሌላ ምንም። አጸደ ቁጭ አለች።

«ቃሉስ አንድ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ስሚኝ ብኸይታ፣ ልቅም አድርገሽ ንገሪያት። የጊዮርጊስ ዕለት ኮረብታው ላይ ድንኳን ይጣላል። ባላምባራስ አለነ ስሙን የሚወድ ሰው ነው። ብቻውን እንዳታገኙት፤ ብቻውን ከሆነ ጅራፍ ነው። ሰው ፊት፣ አዝማሪ ፊት ግን ኩሩ ነው፣ እንግዳ አይመልስም። እናንተ እስላሞች ናችሁ፣ የኛ ቢላ ያረፈበትን ሥጋ አትበሉም፤ ስለዚህ በሬውን ከነነፍሱ ስጠን በሉት። ከዚያ ልጅቷን...» ድምጿ ቀነሰ። «በእጁ ያጉርሳት። ያጎረሱት የቤት ሰው ነው። የቤት ሰው አይሸጥም።»

እናቴ «አይሸጥም» ብላ ደገመችው። በአማርኛ። ቃሉን በጥርሷ እንደመሞከር።

«እኔ ግን ምንም አላልኩም!» አለች አጸደ ብድግ ብላ። አሞሌ አንስታ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠች። «ጨው ነው የመጣችሁበት። ሂዱ!»

የጊዮርጊስ ዕለት ጧት ማህጁብ ኢንዓምን ወሰዳት። እናቴ ዝም ብላ ሸኘቻት። አቧራቸው ሳይረግብ ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። ሁሉም ገበቴያቸውን ይዘዋል። ሕፃን ያላት አዝላለች፣ እርጉዟ ሳትቀር መጥታለች። አጎቴ ኻሚስ ጦሩን ይዞ ብቅ አለ።

«አስቀምጥ» አለችው እናቴ።

«እህቴ፣ ባዶ እጃችሁን?»

«ጦር ይዘን ከሄድን ጦርነት ነው። ገበቴ ይዘን ከሄድን እንግዳ ነን። አንተ ቢላ ብቻ ያዝ፣ ለበሬው።»

«የቱ በሬ?»

«የሚሰጡን።»

አጎቴ ጦሩን ግድግዳ አስደግፎ ቢላውን ወገቡ ላይ ሻጠ።

ዳገቱን ስንወጣ እናቴ ከፊት ናት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ያለማቋረጥ። ዱዓ እያደረገች ነው ብዬ እኔም የማውቃትን አንዷን ደጋገምኩ። ዱዓ አልነበረም። አማርኛ ነበር! «የቤት ሰው አይሸጥም፣ የቤት ሰው አይሸጥም» ነበር መንገዱን ሙሉ።

የሐበሾቹ ሰፈር በእሾህ አጥር ታጥሯል። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ገበቴዎቹን ሲያይ ጠመንጃውን ተደገፈ።

«ወዴት ነው?»

«ግብር!» አለች እናቴ።

ፊቱ በራ። «ግብር? ሁላችሁም? ገበቴ ሙሉ? ኧረ ግቡ! ግቡ!» በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፣ አንዷን አሮጊት እጇን ይዞ ደግፎ ሁሉ አስገባት! በሳቅ ልሞት! ያኔ ግን አልሳቅኩም፤ አጸደ እንዳለችው ነው፣ ማን ጠራህ አይሉም ብዬ አመንኩ። ሰውየው እኮ ወርቅ የገባ መስሎት ነው።

ድንኳኑ! ውስጡ ቀይ ጨለማ ነው፤ የጠጅ፣ የቅቤ፣ የላብ ሽታ። ወታደሩ ተደርድሮ ይበላል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የባላምባራሱን ቸርነት ያወርዳል፣ እጁ ወንዝ ነው፣ ደጁ አይዘጋም እያለ። ባላምባራስ አለነ ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ሰፊ ሰውዬ፣ ለምድ ደርቦ። ገበቴዎቹን ሲያይ አንገቱን አሰገገ። አንዱ አሽከር ሮጦ የናቴን ገበቴ ወደ ውስጥ አየና «ባዶ ነው!» አለ።

ይኸኔ ነው እናቴ ቁጭ ያለችው። ያ የነገርኳችሁ። «ግብር መጣ። ምግብ የታለ?»

«ምን ትላለች ይቺ?» አለ ባላምባራሱ።

«ጌታዬ፣ እኔ እችላለሁ!» ብዬ ከሴቶቹ እግር ስር ወጣሁ።

«አንቺ ደሞ ማነሽ?»

«ብኸይታ ነኝ። ጥርስ ባይጠፋብኝ እኔም ለግብር ነበርኩ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ባላምባራሱም ፈገግ አለና ጎንበስ አለልኝ። «እንግዲያው ስሚ። ግብር ሁለት ነው በላት። እኔ የማበላው አለ፣ እነሱ የሚያመጡልኝ አለ። እነሱን የሚመለከታቸው ሁለተኛው ነው።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። ለካ በኛ ቋንቋ ለሁለቱም ያለኝ ቃል ያው ግብር ነው! «ሁለት ግብር አለ ይላል» አልኳት።

እናቴ ገበቴዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ጥሩ። በአንደኛው እንጀምር በይው።»

አልኩት። ቃል በቃል።

አዝማሪው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ማሲንቆውን ሳብ አደረገና፦

«ግብር አምጡ ብለህ ብትልክ ወደ ቆላ፣
ሰምቶ መጣ አገሩ ግብርህን ሊበላ!»

ድንኳኑ ፈረሰ! ማለቴ በሳቅ። አንድ ሽበታም ወታደር ጠጁ ትን አለው። ባላምባራሱ ቀላ፣ አዝማሪውን አየ፣ ሰዉን አየ። ለማባረር አፉን ሲከፍት አዝማሪው ገና ማሲንቆውን እንደያዘ ይጠብቀዋል። ሌላ ግጥም አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ! ባላምባራሱ አፉን ዘጋ።

«ስጧቸው» አለ።

«ከነነፍሱ!» አልኩ እኔ። «እኛ በአጎቴ ቢላ ነው የምንበላው!»

በሬውን አመጡት፣ ዳለቻ፣ ሻኛው የተንዠረገገ። አጎቴ ኻሚስ ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ ብሎ ባረከው። ሴቶቹ ከአጥሩ ውስጥ እሳት አንድደው ጠበሱ። ወርቅ የጠፋበት ገበቴ ሁሉ ሥጋ ሞላ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም! ጥርስ ስለሌለኝ እናቴ ታላምጥልኛለች እንጂ እሷ አልዋጠችም። ለኔ ስትል መሰለኝ። ለካ አይኗ ኢንዓም ላይ ነው።

ከዚያ እጇን ታጥባ ተነሳች። ከአጥሩ ጥግ ማህጁብ ከየሰፈሩ ያመጣቸው ቆመዋል፤ ኢንዓም አለች፣ አጠገቧ አንዲት የሷ እኩያ፣ ሌሎችም። እናቴ ሄዳ የኢንዓምን እጅ ያዘች። ማህጁብ «ዐፊፋ!» አለ፣ ቆጣ ብሎ። እንዳልሰማ ሆና አለፈችው፣ እየጎተተች ድንኳን ውስጥ አስገባቻት።

«በይው» አለችኝ። «በሬው ለኛ ነው። ምስጋናውን አደረስን። ይቺ ልጄ ግን ካንተ እጅ ካልጎረሰች በልቼ አልጠገብኩም፣ በይው።»

ባላምባራሱ በጠጅም በግጥምም ሞቅ ብሎታል። አሁን ሁሉም እያየው ቸር መሆን ጣፍጦታል። ዳቦ ቆረሰ፣ ማር ውስጥ ነከረ፣ ኢንዓም አፍ ውስጥ ከተተ። ማሩ አገጯ ላይ ወረደ። እኔ በቅናት አበድኩ!

ኢንዓም ዋጠች። እናቴ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ እኔን ሳትጠብቅ፣ ራሷ፣ በአማርኛ፣ ድንኳኑ ጥግ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፦

«የቤት ሰው። አይሸጥም።»

ማሲንቆው ቆመ። ማህጁብ ከበሩ «ጌታዬ፣ ይቺ እኮ የግብር ናት!» አለ።

«አዎ፣ በላች እኮ!» አለ ሽበታሙ ወታደር፣ ገና እያሳለ።

ባላምባራሱ ማር የነካ ጣቱን አየው። ከዚያ ጭኑን መታ። «ተበላሁ!» አለ። «ውሰዷት። ኧረ ተበላሁ!»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ኢንዓም መሀላችን ናት፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ገበቴውን እንደ ከበሮ ይመታሉ። እኔ አጎቴ ትከሻ ላይ ሆኜ «ቀጣዩ ግብር መቼ ነው?» እላለሁ። የዓለም ችግር ሁሉ አለቀ ብዬ! አላለቀም። ወርቁን ከዝናቡ በኋላ በእጥፍ ከፈልን፣ አጎቴን ማህጁብ በጅራፍ ገርፎ ጀርባውን አቆሰለው። ኢንዓም ግን ቤት ናት። ዛሬም አለች፤ ሁለት ልጆቿን ታቅፋ እኔ ላይ ትጮሃለች።

ግን አጠገቧ ቆማ የነበረችውስ? ኢቲዳል ትባላለች፤ ከታችኛው ሰፈር። ስንበላ ታየን ነበር። አትጠራም፣ አትለምንም፣ ታየናለች ብቻ። ጠግባ መሰለኝ! ከቤቷ በልታ የመጣች! በማግስቱ ከነጋዴዎቹ ጋር በባምባሲ በኩል ወሰዷት። ወደ የት እንደሆነ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። እናቷ ያልመጣችው ፈርታ አይደለም። በታችኛው ሰፈር አማርኛ የሚያውቅ አንድ አፍ አልነበረም፤ ግብር ሁለት በር እንዳለው የነገራቸው ሰው የለም።

እናቴ ይሄን ስትሰማ አላለቀሰችም። ገበቴዋን አንስታ ወደ ታችኛው ሰፈር ሄደች፤ እኔን ጎትታ። ከዚያ ማዶ ወዳለው። «የሐበሾቹን በዓላት ጥሪላቸው» ትለኛለች፣ እኔ ከአጸደ የለቀምኩትን እደረድራለሁ፤ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጥምቀት! በየበዓሉ ከየሰፈሩ ሴት ገበቴ ደፍታ ኮረብታውን ትወጣ ጀመር። ሁሌ አልተሳካም። አንዴ በሩን ዘጉብን፣ አንዴ በጅራፍ አባረሩን። ግን ከዚያ ወዲያ ባላምባራሱ ድንኳን ባስተከለ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ታች እያየ ነበር!

አሁን እሱ ተሽሮ ሌላ ሹም መጥቷል። ቀጭን ነው፣ አዝማሪ የለውም፣ ሰው ፊት አይበላም። ትላንት አሽከሩን ልኮ እኔን ጠራኝ። አስተርጓሚ ሁኚኝ ይላል፤ የኛንም የነሱንም ቋንቋ ልቅም አድርጋ የምታውቅ እሷ ናት ብለውታል። ካልመጣሁ ማህጁብ ነው የሚተረጉምለት። ማህጁብ!

ኢንዓም «እንዳትሄጂ» ትላለች። «ያ ሰውዬ 'ያቺ ትምጣ' ሲል፣ በኛ ቋንቋ 'ያቺ ትምጣ' የሚለው ያንቺ አፍ ነው የሚሆነው። የልጅቷ እናት የምታየው ማንን ነው? አንቺን።» ይሄን ስትል እጇ ከጆሮዋ ኋላ ይሄዳል፣ ሳታውቀው።

እናቴ ደግሞ «ሂጂ» ትላለች። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይላሉ እነሱ። እኛ ጤፍ የለንም፤ አፍ ግን አለን። ሁለተኛውን በር የሚያውቅ ሰው እዚያ ውስጥ ይቀመጥ።»

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ያ ነው የሚያናድደኝ! ብሄድ አንድ ቃል አጣምሜ አንዲት ልጅ አስቀር ይሆናል፤ ወይ ሌላዋን በገዛ አፌ እሸኛታለሁ። ባልሄድ አፌ ንፁህ ነው፤ ማህጁብ ግን ይተረጉማል። ነገ ጧት አሽከሩ መልስ ሊወስድ ይመጣል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ወላሂ ንገሩኝ፣ ምን ትሉት ነበር?